«ኢሚዩኒቲዋ ደክሞ ነው?» ስለ ኤም ኤስ የጠየቃችሁኝ

ባለፈው እትም ስለ ስትሮክ ስጽፍ መልቲፕል ስክለሮሲስን (ባጭሩ ኤም ኤስን) በአንድ መስመር ነክቼ አልፌ ነበር። ያቺ መስመር ከጽሑፉ በላይ ደብዳቤ አመጣችብኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ስድስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው መልስ ይረዝማል። ሌሎቹ እሱ ላይ ስለሚንጠለጠሉ ታገሱኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ዶክተር፣ ታናሽ እህቴ 27 ዓመቷ ነው። መጀመሪያ አንድ ዓይኗ ደበዘዘ፤ በሦስት ሳምንት ተሻላት፤ ረሳነው። ከዓመት በኋላ ከወገቧ በታች ደነዘዘች። ኤም አር አይ ተነስታ ኤም ኤስ ነው ተባለ። የራሷ በሽታ ተከላካይ አንጎሏን እያጠቃ ነው አሉን። ቤተሰቡ ይህን ሲሰማ እንግዲያው ኢሚዩኒቲዋ ደክሟል ብሎ ዝንጅብሉን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ጥቁር አዝሙድ በማሩን ያቀርብላታል። አክስቴ ደግሞ ከውጭ አገር ኢሚዩኒቲ ያጠነክራል የሚል ብልቃጥ አስመጣች። እኔ ግን ግራ ገባኝ። የሚያጠቃት እሱ ከሆነ ጠላቷን እየቀለብንላት አይደለም ወይ? ደግሞስ እንዴት አድርጎ ነው አንጎሏ ድረስ የገባው?» ወንድሟ፣ ከሐዋሳ

ጠላቷን እየቀለብን ይሆን ብለህ መጠርጠርህ ትክክል ነው። ወደ ዝንጅብሉ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ሌላውን እንጨርስ።

የእህትህ ኢሚዩኒቲ አልደከመም። ጉንፋን ሲይዛት እንደማንኛችንም ይከላከልላታል። ችግሩ የጉልበት አይደለም፣ ሰው የመሳት ነው። አንድ ጎበዝ ዘበኛ የቤቱን ልጅ ሌባ ነው ብሎ ሲደበድብ አስበው። እንዲህ ያለውን ዘበኛ ዱላውን ታስጥለዋለህ እንጂ በርታ ብለህ ቁርጥ አትጋብዘውም።

ተደብዳቢውን እንየው። የነርቭ ሴል ረጅም ክር አለው። ክሩ ላይ ማይሊን የሚባል ቅባት የበዛበት ነገር ተጠምጥሟል፣ እናቶቻችን መቀነታቸውን ወገባቸው ላይ ደራርበው እንደሚጠመጥሙት። አንጎል ውስጥ ጠምጣሚዋ ኦሊጎደንድሮሳይት የምትባል ሴል ናት። አንዷ ብቻዋን እስከ 50 በሚደርሱ ቦታዎች ትጠመጥማለች። እሷ ስትሞት ስንቱ እንደሚፈታ ከዚህ ገምት። መቀነቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ አይደለም፤ በየመሀሉ ጠባብ ክፍተት አለው፣ መልእክቱም ከክፍተት ወደ ክፍተት ይዘላል፣ ልክ ወንዝ ስትሻገር ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልክ እንደምታልፈው። በዚህ ዘዴ በሰከንድ ከ100 ሜትር በላይ የሚያስተላልፉ ነርቮች አሉን። ማይሊኑ ሲገፈፍ ዝላዩ ይቀራል፤ ውሃው ውስጥ ገብቶ መንቦጫረቅ ይመጣል። መልእክቱ ይዘገያል፣ ይቆራረጣል፣ አንዳንዴም መሀል ወንዝ ላይ ይቀራል። እህትህ ዓይኗ የደበዘዘው ዓይኗ ራሱ ታሞ ነው ብላችሁ ይሆናል፤ አይደለም። የታመመው ከዓይኗ ጀርባ ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ነው።

አሁን ወደ ዘበኞቹ። ቲ ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። እያንዳንዳቸው የሚያውቁት የተወሰነ ቅርጽ ያለውን የፕሮቲን ቁራጭ ነው። ደረታችን ውስጥ ታይመስ የሚባል ዕጢ አለ፤ ገና በሥልጠና ላይ ሳሉ የገዛ አካላቸውን የሚነክሱትን እያጣራ ያስወግዳቸዋል። ወንፊቱ ግን ሁሉንም አይዝም። በእኔም በአንተም ደም ውስጥ ማይሊንን የሚያውቁ ቲ ሴሎች ይዞራሉ። አትደንግጥ፣ ተኝተዋል። ከተነሱም ሌሎች ቲ ሴሎች አደብ ያስይዟቸዋል። እነዚህን አደብ አስያዦች በተመለከተ ላደረጉት ምርምር ነው ሜሪ ብራንኮው፣ ፍሬድ ራምስዴልና ሺሞን ሳካጉቺ የ2025ቱን የሕክምና ኖቤል የተሸለሙት። ኤም ኤስ ባለበት ሰው እነዚህ አደብ አስያዦች ሥራቸውን በቅጡ አይሠሩም። የተኙትን ደግሞ የሆነ ነገር ይቀሰቅሳቸዋል።

ምን ይቀሰቅሳቸዋል? ዋናው ተጠርጣሪ ኤፕስታይን ባር የሚባል ቫይረስ ነው። በ2022 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መረጃና ተቀምጦ የቆየ የደም ናሙና ይዘው ሠሩ። በቫይረሱ መያዝ የኤም ኤስን ዕድል 32 እጥፍ ያሳድገዋል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ሰዎች ደግሞ የቫይረሱ አንድ ፕሮቲን ቁራጭ ግሊያልካም ከሚባል የአንጎል ፕሮቲን ጋር እንደሚመሳሰል፣ የአንዳንድ ታማሚዎች ፀረ እንግዳ አካልም (ሰውነት ባዕዱን እንዲይዝለት የሚሠራው ፕሮቲን) ሁለቱንም እንደሚይዝ አሳዩ። ዘበኛው ሌባውን አይቶታል፤ የቤቱ ልጅ ደግሞ ሌባውን ይመስላል። እዚህ ላይ «በቃ ቫይረሱ ነው» እንዳትል። ቫይረሱ ከመቶ ከ90 በላይ በሚሆነው አዋቂ ሰው ውስጥ አለ፤ ኤም ኤስ የሚይዘው ግን ጥቂቱን ነው። የዘር ነገር አለበት፣ ሲጋራ አለበት፣ የቫይታሚን ዲ ማነስ አለበት።

የተቀሰቀሰው ሴል ወዲያው አንጎል ውስጥ ዘው አይልም። የአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳቸው ከሌላው አካል ይልቅ ጥብቅ ነው። ሴሉ ግን ገላው ላይ መንጠቆ አለው፣ አልፋ 4 ኢንቴግሪን ይባላል። በመንጠቆው የደም ሥሩን ግድግዳ ይይዛል፣ እየተንከባለለ ይዘገያል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ተሹለክልኮ ያልፋል። ይህን በ1992 ያሳዩት ሰዎች መንጠቆው ቢሸፈንስ ብለው ነበር። ከእሱ ናታሊዙማብ የሚባል መድኃኒት ተወለደ። በ2004 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፣ በወራት ውስጥ ከገበያ ተነሳ፣ በ2006 ተመለሰ። ያስነሳው ነገር ራሱ ትምህርት ነው። ዘበኛው አንጎል እንዳይገባ ሲከለከል፣ ብዙዎቻችን ውስጥ ተኝቶ የሚኖር ጄሲ የሚባል ቫይረስ በጥቂት ታካሚዎች አንጎል ውስጥ ተነሳ። ሊገድል ይችላል። ስለዚህ አሁን መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊትና በየጊዜው ደም ይመረመራል።

ከገባ በኋላስ? ተማሪ ሳለሁ ያየሁትን ልንገርህ። ማይክሮስኮፕ ሥር የሞተ የኤም ኤስ ታማሚ አንጎል ስስ ቁራጭ ነበር፣ ማይሊንን ሰማያዊ በሚያደርግ ቀለም የተነከረ። ሰማዩን የመሰለ መስክ። መሀሉ ላይ ግን ቀለሙ የለም፣ ነጣ ያለ ክብ ብቻ፣ ዳሩ እንደ ተቃጠለ ወረቀት የተበላ። ከክቡ እምብርት አንዲት ትንሽ የደም ሥር አለች። ዙሪያዋን ጥቃቅን ጥቁር ሴሎች ደረታቸውን ተገጣጥመው ከበዋታል። እነዚያ ናቸው ገቢዎቹ። ዳር ዳሩን ደግሞ ሆዳቸው የተነፋ ትልልቅ ሴሎች አሉ። አስተማሪያችን ሆዳቸውን እዩት አለን። አጉልተን አየን። ሆዳቸው ውስጥ ሰማያዊ ፍርፋሪ አለ። የበሉት ማይሊን ነው። እስከዛሬ ከዓይኔ አልወጣም።

ገባህ አይደል? ቲ ሴሉ ብቻውን አይደለም የሚያፈርሰው። ከደም ሥሩ ዳር ያ የሚያውቀውን ቁራጭ ድጋሚ ሲያሳዩት ይጮሃል። ጩኸቱ ኢንተርፌሮን ጋማ፣ ኢንተርሊውኪን 17 የሚባሉ ኬሚካሎች ናቸው። በጩኸቱ በሩ ይበልጥ ይከፈታል፣ ከደም ማክሮፌጅ የሚባሉት ሆዳሞች ይጎርፋሉ፣ ማይክሮግሊያ የሚባሉት የአንጎል የራሱ ጽዳት ሠራተኞችም መጥረጊያቸውን ጥለው ዱላ ያነሳሉ። ማይሊኑን ይገፍፋሉ፣ ይውጣሉ፣ መርዛም የኦክስጅን ውሁዶች ይረጫሉ። ሌላ ዓይነት ቲ ሴሎችም አሉ፣ በቀጥታ የሚገድሉ፤ ቁስሉ ውስጥ በቁጥር የሚበዙት እንዲያውም እነሱ ናቸው። ቢ ሴሎች የሚባሉ ሌሎች ነጭ የደም ሴሎችም ፀረ እንግዳ አካል ይጨምሩበታል።

የተራቆተው ክር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ቀድሞ በዝላይ የሚያስተላልፈውን አሁን በእያንዳንዷ ነጥብ መሥራት አለበት፤ ብዙ ጉልበት ይበላል። ጉልበት የሚያመነጩለት ክፍሎቹ ደግሞ በዚያው ረብሻ ተጎድተዋል። ሶዲየም ውስጡ ይጠራቀማል፣ ካልሲየም ይከተላል፣ ክሩ ያብጥና ይቆረጣል። ድሮ ሐኪሞች ኤም ኤስ ማይሊን ብቻ ይነካል፣ ክሩ ቶሎ አይነካም ይሉ ነበር። በ1998 ብሩስ ትራፕና ባልደረቦቹ ክሊቭላንድ ውስጥ ትኩስ ቁስሎችን ቆጠሩ። በአንዲት ሚሊሜትር ኪዩብ ውስጥ ከ11,000 በላይ የተቆረጡ ክሮች። በሽታው ገና አጭር ጊዜ የሆነባቸው ሰዎች ላይ ጭምር። ማይሊን በከፊልም ቢሆን ተመልሶ ሊጠመጠም ይችላል፣ ሳሳ ብሎ። እህትህ ዓይኗ በሦስት ሳምንት የተሻላት በከፊል ለዚህ ነው፤ እብጠቱም በርዷል። የተቆረጠ ክር ግን አይበቅልም። በዓይኗ ጊዜ «ተሻላት፣ ረሳነው» ያላችሁት ብዙ ቤተሰብ የሚለው ነው፤ አልወቅሳችሁም። አሁን ግን መድኃኒቱን በጊዜ መጀመር ለምን እንደሚጣደፉበት ገብቶሃል።

ስሙም ከዚህ ነው የመጣው። በ1868 ፓሪስ ውስጥ ሳልፔትሪየር በሚባለው ሆስፒታል ዣን ማርቲን ሻርኮ የሞቱ ታካሚዎቹን አንጎል ከፍቶ ሲያይ ደረቅ ጠባሳ እዚህም እዚያም አገኘ። ስክለሮሲስ ማለት መድረቅ ነው፣ መልቲፕል ብዙ።

እሺ፣ ዝንጅብሉ። ኢሚዩኒቲን ማጠናከር ኤም ኤስ ላይ ምን ያደርጋል የሚለው በሰው ላይ ታይቷል። በ1987 በታተመ ሥራ ለ18 ታማሚዎች ያን ቲ ሴሎች የሚጮሁበትን ኢንተርፌሮን ጋማ ሰጧቸው። ሰባቱ ሕመሙ ተነሳባቸው። ሙከራው ተቋረጠ። ግን ደግሞ ማፈንም እንደ ልብ አይሆንም። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚረዳ፣ ቲ ኤን ኤፍ የሚባለውን ሌላ የጩኸት ኬሚካል የሚያግድ መድኃኒት ኤም ኤስ ላይ ሲሞከር ጥቃቱን አበዛው። እኔ በበኩሌ ይህን ካነበብኩ ጀምሮ «ኢሚዩኒቲህን ጨምር፣ ቀንስ» የሚለኝን ሰው እንደ ራዲዮ ድምፅ መጨመርና መቀነስ የሚያስብ ሰው አድርጌ ነው የማየው።

በወጥ ውስጥ ያለ ነጭ ሽንኩርት፣ በሻይ የተፈላ ዝንጅብል ይህን ያህል ኃይል የለውም። ትብላ፣ ትጠጣ። የአክስትህን ብልቃጥ ግን አስቀምጡላት፣ ለሐኪሟም ወስዳችሁ አሳዩት። አንዳንድ የኤም ኤስ መድኃኒቶች ጉበትን ስለሚነኩ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ላዩ ላይ መደረብ ጥሩ አይደለም። ጠበሏን ትጠመቅ፣ ትጸልይ። መድኃኒትሽን አቁሚና ተጠመቂ የሚላት ሰው ከመጣ ግን ያን ጊዜ አንተ በር ላይ ቁም። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች ድንገት ሲቋረጡ ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል።

«ሐኪሜ በዓመት ሁለት ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ጀምሪ ብሎኛል። ቢ ሴል ያጠፋል አለኝ። እኔ ያነበብኩት ደግሞ አጥቂው ቲ ሴል ነው። ታዲያ ቢ ሴል ምን አደረገ? ፈርቻለሁ።» ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ የሚጠይቁ ፕሮፌሰሮችም ነበሩ። ለብዙ ዓመታት ቢ ሴል ፀረ እንግዳ አካል ከማምረት ውጭ በዚህ በሽታ ብዙ ሚና የለውም ይባል ነበር። ስቲቨን ሃውዘር የሚባል ሳን ፍራንሲስኮ ያለ ሐኪም ግን አልተቀበለውም። እሱና ባልደረቦቹ ሪቱክሲማብ የሚባለውን፣ ለሊምፎማ ካንሰር የተሠራ ቢ ሴል አጥፊ ለኤም ኤስ ታማሚዎች ሰጡ፤ ውጤቱ በ2008 ታተመ። አዳዲስ ቁስሎች በኤም አር አይ ላይ ከመቶ 90 በላይ ቀነሱ። የሚገርመው ፍጥነቱ ነው። ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት የበሰሉ ሴሎች በዚህ መድኃኒት አይነኩም፣ የፀረ እንግዳ አካሉም መጠን ወዲያው አይወርድም። ቁስሉ ግን ቆመ። ስለዚህ የቢ ሴል ጥፋት ሌላ መሆን አለበት። ዛሬ የምናስበው ቢ ሴሉ ያን ቁራጭ ይዞ ለቲ ሴል «ይኸው እሱ ነው» ብሎ የሚያሳየው እሱ እንደሆነ ነው። ነገር አመላላሽ በለው። ያ ኤፕስታይን ባር ቫይረስ ተደብቆ የሚኖረውም ቢ ሴል ውስጥ ነው።

ያቀረበልሽ ኦክረሊዙማብ ሳይሆን አይቀርም፤ በ2017 ተፈቅዷል። ፍርሃትሽን አልንቀውም። ኢንፌክሽን ሊበዛ ይችላል። ስለ ክትባቶችሽ አስቀድመሽ ተነጋገሪ፤ ከተጀመረ በኋላ ክትባት እንደ ድሮው አይሠራም። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፤ የጉበት ቫይረስ ቢ ምርመራ ሳይሠራልሽ እንዳትጀምሪ። እኛ አገር ብዙ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ሳያውቀው ይዞት ይኖራል። ቢ ሴሉ ሲጠፋ የተኛው ቫይረስ ተነስቶ ጉበትን ሊያፈርስ ይችላል። ሐኪሙ ራሱ ያዛል፤ ግን አንቺም ጠይቂ።

«ዱባይ ነው የምሠራው። ከሁለት ዓመት በፊት ኤም ኤስ ተብያለሁ። በጋ ላይ ከአውቶቡስ ፌርማታ እስከ ቤት ስሄድ ግራ ዓይኔ ይጨልማል፣ እግሬ ይከብደኛል። ቤት ገብቼ ኤሲ ሥር ስቀመጥ በግማሽ ሰዓት ይለቀኛል። በየቀኑ አዲስ ጥቃት ነው ማለት ነው? አገር ቤት ስገባ ደግሞ እናቴ ወይባ ጭስ ልታሞቀኝ ትፈልጋለች።»

አይደለም፤ አዲስ ጥቃት አይደለም። ይህን በ1890 ቪልሄልም ኡቶፍ የሚባል ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ጽፎታል፤ እስከዛሬ በስሙ ይጠራል። ማይሊኑ የሳሳ ነርቭ መልእክቱን የሚያሳልፈው በጭንቅ ነው፣ በጣት የሚቆጠር ትርፍ ኃይል ይዞ። ሙቀት ሲጨምር የነርቩ በሮች ቶሎ ቶሎ ይዘጋሉ፤ ያቺም ትርፍ ታልቃለች። ሰውነትሽ በግማሽ ዲግሪ ሲሞቅ እንኳ ሊሰማሽ ይችላል። ሲበርድሽ ይመለሳል። ሴሎች አልገቡም፣ አዲስ የተበላ ነገር የለም። ድሮ ኤም አር አይ ሳይመጣ ሐኪሞች የጠረጠሩትን ሰው ገንዳ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከተው ምልክቱ መውጣቱን ያዩ ነበር። ጭካኔ ነው እንግዲህ።

ወይባውን ለእናትሽ በፍቅር እምቢ በያት። አይገድልሽም፤ ግን ጭሱ ላይ ተቀምጠሽ እግርሽ ቢከዳሽ ወይ ዓይንሽ ቢጨልም መውደቅ አለ፣ ፍሙም አጠገብሽ ነው። ፍል ውሃም ሳውናም እንደዚያው። ቀዝቃዛ ውሃ ያዢ፣ አንገትሽ ላይ እርጥብ ሻሽ አድርጊ፣ ከተቻለሽ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ተንቀሳቀሺ። ምልክቱ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ሳትሞቂም ትኩሳትም ሳይኖርሽ ከመጣ ግን ያኔ ለሐኪም ደውዪ። ትኩሳት ካለሽ ደግሞ ቀድሞ የሚፈለገው ኢንፌክሽን ነው፣ በተለይ የሽንት።

«ባሕር ዳር ኤም ኤስ ተብዬ ነበር። ሁለቱም ዓይኖቼ በተከታታይ ጠፉ፣ ከዚያ ከደረቴ በታች ሽባ ሆንኩ፤ ከዚያ በፊት ለሁለት ሳምንት የማያቋርጥ ስቅታና ትውከት ነበረኝ። አሁን አዲስ አበባ ያየኝ ሐኪም ኤም ኤስ ላይሆን ይችላል አለ። እየተጫወቱብኝ ነው?»

እየተጫወቱብህ አይደለም፤ ይልቅ ሐኪሙ ጎበዝ ነው። ስቅታህን ስትነግረው ጆሮው ቆሞ ይሆናል።

ኤም ኤስ፣ ኤን ኤም ኦ (ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ) የሚባል የቅርብ ዘመድ አለው። ድሮ የኤም ኤስ አንድ ዓይነት ነው ይባል ነበር። በ2004 ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ቫንዳ ሌነንና ባልደረቦቿ በታማሚዎቹ ደም ውስጥ ለብቻው የሚገኝ ፀረ እንግዳ አካል አገኙ። በዓመቱ ምን እንደሚይዝም ታወቀ፤ አኳፖሪን 4 የሚባል ውሃ የሚያሳልፍ በር ነው። በሩ ያለው አስትሮሳይት የሚባሉ የአንጎል ሴሎች ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ተደብዳቢው መጀመሪያ ማይሊን አይደለም፤ አስትሮሳይቱ ነው። ፀረ እንግዳ አካሉ ይለጠፍበታል፣ ኮምፕሊመንት የሚባለው የደም ፕሮቲን መጥቶ ይበሳዋል፣ ሴሉ ይሞታል፣ ማይሊኑ ከኋላ ይከተላል። በሩ የዓይን ነርቭ፣ ህብለ ሰረሰርና ማስታወክን የሚቆጣጠረው የአንጎል ግንድ ቦታ ላይ ስለሚበዛ ነው የአንተን ዓይነት ታሪክ የሚያመጣው። ነጮች ላይ ኤም ኤስ በጣም ይበልጣል፤ ጥቁሮችና እስያውያን ላይ ግን ኤን ኤም ኦ ያለው ድርሻ ከፍ ይላል። ለእኛ ሐኪሞች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ልዩነቱ የስም ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩህ። ኢንተርፌሮን ቤታ፣ ናታሊዙማብ፣ ፊንጎሊሞድ የሚባሉት የኤም ኤስ መድኃኒቶች ኤን ኤም ኦን ያባብሳሉ። ስለዚህ የአኳፖሪን 4 የደም ምርመራ ይሠራልህ። አገር ውስጥ ካልተገኘ ናሙናው ወደ ውጭ የሚላክበትን መንገድ ሐኪምህን ጠይቀው።

«ዕድሜዬ 58 ነው፣ ስኳር አለብኝ። ሁለቱም እግሮቼ ከጣቶቼ ጀምሮ ይደነዝዛሉ፣ ሌሊት ያቃጥሉኛል። ልጄ በስልኳ ፈልጋ ኤም ኤስ ነው ብላኛለች።» ከአዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ

ጋሼ፣ ልጅዎ ስለምታስብልዎ ነው፤ ስልኩ ግን ይዋሻል። ኤም ኤስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ባለው ዕድሜ ነው፣ ሴቶች ላይ ደግሞ ከሁለት እጥፍ በላይ ይበዛል። ከዚያ ይልቅ የእርስዎ የስኳር ነርቭ ሕመም ይመስላል። ስኳሩን ይለኩ፣ እግርዎን ማታ ማታ ይመልከቱ፣ ቁስል ካለ ሳይውል ሳያድር ይታዩ። ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት የወሰዱ ከሆነ የቫይታሚን ቢ 12 መጠንዎንም ያስለኩ፤ ማነሱ እንዲሁ ያደነዝዛል።

«ኤም ኤስ አለብኝ፣ ባለትዳር ነኝ፣ ልጅ እንፈልጋለን። አማቴ ይተላለፋል ብላ ሰግታለች። እኔ ደግሞ እርግዝናው እንዳያባብስብኝ ፈርቻለሁ።» ከአዳማ

ተላላፊ አይደለም፣ በጡትም በመኝታም አይተላለፍም። በዘር በኩል ልጅሽ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፤ ቢሆንም ከመቶ 2 ወይም 3 ገደማ ነው። ተመሳሳይ መንትዮች እንኳ፣ ዘራቸው አንድ ሆኖ፣ አንዷ ቢይዛት ሌላዋን የሚይዛት ከአራት አንድ ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። ለአማትሽ ይህን ንገሪያቸው።

እርግዝናው ደግሞ ከፈራሽው ተቃራኒ ነው። ሕፃኑ ግማሹ የአባቱ ነው፤ ለዘበኞቹ ባዕድ። እንዳይነኩት የእናት ሰውነት እነሱን ራሱ ያበርዳቸዋል፣ ማይሊንሽም በዚያው ይተርፋል። በ1998 የታተመ የአውሮፓ ጥናት በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ጥቃቱ ከመቶ 70 ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከወለድሽ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ግን ከወትሮው ከፍ ይላል፣ ከዚያ ወደ ነበረበት ይመለሳል። አራስ ቤት ሳለሽ አጠገብሽ ሰው ይኑር፣ እንቅልፍ አትጪ፣ ከገንፎው ጋር ምድጃው እንዳያሞቅሽ ቤቱ ነፋሻማ ይሁን። ዋናው ግን አሁን ነው። ከመድኃኒቶቹ ውስጥ ፅንስ የሚጎዱ አሉ፣ ከሰውነት እስኪወጡ ወራት የሚፈጁም አሉ። ስለዚህ መከላከያሽን ከማቆምሽ በፊት የያዝሽውን መድኃኒት ስም ጽፈሽ ነርቭ ሐኪምሽ ጋ ሂጂ። ባልሽንም ይዘሽው ሂጂ።